ጫማ የምታስወልቅ ቁልፍ

የሽኝቴ ዕለት ልጆቹ ኬክ አስቆርሰው፣ ጋቢ አልብሰው፣ አበባ አስታቅፈው መሐል ላይ ጎለቱኝ። ሠዓሊያችን ቤዛ ተነሥታ «እትዬ ሙሉ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ከሠራሽው ውስጥ በጣም የምትኮሪበት የቱ ነው?» አለችኝ። የሐይቁን ካርታ እንድል ነበር የጠበቁት፤ አለበለዚያም ማዕበል ሲመጣ ስክሪኑ ጥግ ላይ የምትሽከረከረውን የነፋስ መርፌ። እኔ ግን «የጫማዋ ቁልፍ» አልሁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቤዛማ «ኧረ ማዘር፣ የምርሽን ንገሪን!» አለችኝ። የምሬን ነበር።

እንግዲህ አሁን ግሽ አባይ ሰፈር ቤቴ ተቀምጬ፣ «እትዬ ሙሉ፣ ይችን ቶሎ» የሚለኝ ስለሌለ፣ የዚያችን ቁልፍ ነገር ከሥሩ ልናገር።

ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር ነው ጡረታ የወጣሁ። አባቴ ለፋብሪካ ሥራ ከወሎ መጥቶ የሐይቁ ነፋስ ያስቀረው ሰው ነበር። እኔ መጀመሪያ አንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና እመታ ነበር፤ መኪናው ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ እኔም የኮምፒውተር ጸሐፊ ተባልሁ። አለቃዬ ደብዳቤውን ሳያነቡ ኅዳጉን፣ የጠርዙን ባዶ ቦታ፣ በጣታቸው ለክተው «ጠባብ ነው፣ ድገሚው» የሚሉ ሰው ነበሩ። በሆዴ ስረግማቸው እውል ነበር። ከዚያ ኮሌጅ ገብቼ የኮምፒውተር ክፍል ያዝሁ፤ ተማሪው ሲወጣ እኔ እየተቀመጥሁ ኮድ መጻፍ ለመድሁ። ዲግሪውም በማታ መጣ። ደመወዙን ተዉት፣ እሱ አይወራም።

አርባ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ነው ጌም ስቱዲዮው ውስጥ የገባሁት። ወደ ሐይቁ የሚያይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰባት ልጆች ተኮልኩለው ይሠራሉ። ከሁሉም ታላቅ የሚባለው መስፍን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ሲፈትነኝ ኮምፒውተር አልሰጠኝም። ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ «የጨዋታ መጀመሪያ ገጽ ይሣሉልኝ» አለኝ። ሣልሁ። ወረቀቱን አንሥቶ ጠርዙን በጣቱ ለካና «ኅዳግ ትተዋል» አለ። «ስንቱን ፈተንኩ፤ ኅዳግ የተወ ሰው አላገኘሁም።» እኒያ ስረግማቸው የኖርሁት አለቃዬ ናቸው ያስቀጠሩኝ ማለት ነው። ነፍስ ይማር።

ሥራዬ ዩ አይ ፕሮግራመር ይባላል። እኅቴ ለጎረቤት «ኮምፒውተር ትጠግናለች» ነው የምትላቸው፤ ባስረዳት ባስረዳት አልገባ አላት። ነገሩ ቀላል ነው። ጨዋታ ውስጥ ውኃውን የሚያናውጥ ሌላ ነው፤ ታንኳውን የሚያስኬድም ሌላ ነው። ተጫዋቹ በጣቱ የሚነካው፣ በዓይኑ የሚያነበው ሁሉ ግን የእኔ ነው፦ ቁልፉ፣ ፊደሉ፣ ካርታው፣ «ማዕበል መጣ» የሚለው ማስጠንቀቂያ። ሥራዬ ሲያምር ማንም አያየኝም፤ ሲበላሽ ግን ሁሉም ይሰድበኛል።

በመጀመሪያው ዓመት ከፊደላችን ጋር ስንታገል ከረምን። የምንሠራበት ፕሮግራም ሌላ ቋንቋ ለምዶ ያደገ ስለሆነ «ጯ» እና «ቋ» ሲመጡበት ባዶ ሣጥን ይደረድር ነበር። ሣጥኑ ሲቀር ደግሞ የቃላችን ርዝመት መጣ። ለአጭር ቃል ተብሎ በተሰፋ ቁልፍ ውስጥ «ጉዞዎ እንዲቀመጥልዎ ይፈልጋሉ?» ብለህ ብትጽፍ እንደ ጠባብ ቀሚስ በጎኑ ይተረተራል። ቦታ ሲያጥረን ጊዜ ቃሉን ትተን በሥዕል ምልክት መሥራት ጀመርን። ይችን ምልክት ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

በዕድሜ ታናሼ ቢሆንም መምህሬ መስፍን ነው። ጥቂት ከቆየን በኋላ «አንቺ በለኝ፣ እርስዎ ስትለኝ ወገቤን ያመኛል» ብዬው እሱም እሺ አለ። አመሉ ብዙ ነው። የሠራነውን ሁሉ በቀትር ይዞ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል፤ «ሰው የሚጫወተው ፀሐይ ላይ ነው፣ ቢሮ ውስጥ አይደለም» ይላል። ጣቱን ቅቤ ቀብቶ ስክሪኑን ይነካካል። ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ አውራ ጣቱ የማይደርስበትን ቦታ በእስክሪብቶ ይከብባል፤ እዚያ ውስጥ ቁልፍ ያስቀመጠ ሰው ወዮለት። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አንድ ነገር ነበር፦ ሰው ጨዋታችንን ሲሞክር መስፍን አጠገቡ ይቀመጥና ሁለት እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ይከታል። እስኪያልቅ ድረስ አያወጣቸውም፤ አይናገርምም።

መጀመሪያ ጊዜ አንድ ጀልባ ነጂ ስናስሞክር ሰውዬው ካርታው ጠፋበት። እኔ እንደ ልማዴ «እዚህ ጋ» ብዬ ጣቴን ሰደድሁ። መስፍን እጆቹን ከጭኖቹ ሥር አላወጣም። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው «እትዬ ሙሉ፣ ጨዋታው ሰው ቤት ሲገባ አንቺ አብረሽው አትገቢም» ያለኝ። «ሰው ሲሳሳት የሚነግርሽን ሌላ ማንም አይነግርሽም። ስለዚህ እጅሽን ቆልፊው፣ አፍሽንም።» እኔ ደግሞ ሰው ሲቸገር አይቶ ዝም ማለት አይሆንልኝም። እናቴ እንዲያ አድርጋ አላሳደገችኝም።

የምንሠራው ጨዋታ «ማዶ» ይባላል። ተጫዋቹ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ሣር ታንኳ ያስራል፤ እህልና ዓሣ ጭኖ፣ ነፋስ እየጠበቀ፣ ከደሴት ደሴት ይዞራል። መጨረሻው ደጋ ናት፤ ከደቅ ደሴት ማዶ ያለችው፣ ሽቅብ እንደ ጉልላት የቆመችው የገዳም ደሴት። ሴት አትገባባትም። የእሷን ገጽ የምሠራው ደግሞ እኔ ነኝ። ወይ ጉድ! ረግጬው የማላውቀውን፣ የማልረግጠውንም ቦታ ደረጃውንና በሩን ላዘጋጅ ነው።

ያን ጊዜ ነው የኔታ ፈንታን ያገኘሁት። የደቅ ሰው ናቸው፣ የድጓ መምህር። ከታንኳ ሲወርዱ ድንጋይ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ለሕክምና ባሕር ዳር መጥተው፣ እኔ ሰፈር የወንድማቸው ልጅ ቤት አርፈው ነበር። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ዳገት የለም» አላቸው። የኔታ በወጣትነታቸው ደጋ ላይ ሦስት ዓመት አገልግለዋል፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ ለበዓሉ ይወጡ ነበር። ከእንግዲህ ደቅ ላይ ከደጃቸው ቁጭ ብለው ያይዋታል እንጂ አይወጧትም። «እኔ ሴት ሆኜ፣ እርስዎ እግርዎን ታመው፣ ሁለታችንም ከዳር ቀረን» ብላቸው ሳቁና «እንግዲያው ጻፊ፣ ልንገርሽ» አሉኝ።

ነገሩኝ። ወደቡ ላይ ያለውን ዛፍ፣ የዳገቱን ድንጋይ፣ የት ላይ ሰው ትንፋሹን እንደሚሰበስብ። እኔ ጻፍሁ፣ ቤዛ ሣለች። ሲያልቅ በታብሌት አሳየኋቸው። ትንሹ ሰውዬ ዳገቱን ወጥቶ በሩን ከፍቶ ዘልቆ ሲገባ የኔታ ታብሌቱን ገፉት።

«ጫማውን ሳያወልቅ?»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ የኔታ» አልሁ።

«ለአንቺ ጨዋታ ይሁን። እኔ በዚህ እግሬ የቀረኝ መሳለሚያ ይኸው ነው። ከነጫማዬ አልገባም!»

ተመልሼ አንዲት ቁልፍ ሠራሁ፤ ሁለት ጫማ ጎን ለጎን የተቀመጠባት ምልክት። እሷ ካልተነካች በሩ አይከፈትም። ድምፅም አስገባሁላት፤ የራሴን ጫማ አውልቄ ቢሮው ወለል ላይ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ጣልሁ፣ መስፍን በስልኩ ቀዳው። ጠብ፣ ጠብ። የስቱዲዮው ባለቤት «ለጫማ አንድ ቀን ሙሉ?» ብሎ ፊቱን አጨማደደ። መስፍን ግን ደጋግሞ እየነካ ይስቅ ነበር።

የኔታ ዳሌያቸው ሲጠግግ ታብሌቱን ይዘው፣ የፀሐይ ቻርጀር ሰጥተናቸው ወደ ደቅ ተመለሱ። በመስከረም ጉዟቸውን ጀመሩ። እንዴት እንደሚጫወቱ ልንገራችሁ። እሑድ አይነኩትም። ዓመታዊ በዓል ካለ አይነኩትም። የደረሱበት ደሴት ላይ ቤተ ክርስቲያን ካለ ሳይሳለሙ አያልፉም፤ ሌላው ሰው በአንድ ሳምንት የሚጨርሰውን እሳቸው በወራት ነው የሚሄዱት። ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አርሰው ነው የሚነኩት፤ ብራና መግለጥ የለመደ ጣት ነው። ውኃው ስክሪኑን ያሳስተውና አንዱን ንክኪ ሁለት ያደርገዋል። ለእሳቸው ስል ቶሎ ተከታትሎ የሚመጣ ሁለተኛ ንክኪ እንዲታለፍ ኮድ ጻፍሁ፤ ኋላ ስናየው ለካ በዝናብ የሚጫወቱትን ዓሣ አጥማጆች ሁሉ የጠቀመ ነው። አልፎ አልፎ እየደወሉ «ዛሬ ነፋስ ከለከለኝ» ይሉኛል። ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው እኮ ነው!

በሚያዝያ ለጨዋታው አዲስ ገጽ ሠራሁ። አንድ ታብሌት ላይ ብዙ ሰው ስለሚጫወት እያንዳንዱ ጉዞ ለብቻው ተደርድሮ እንዲታይ፣ ያላስፈለገውም እንዲጠፋ። ከየጉዞው ሥር ሁለት ክብ ምልክት አስቀመጥሁ፤ ግራጫዋ ትቀጥላለች፣ ቀይዋ ታጠፋለች። ቀይ ያደረግኋት ሰው እንዲፈራት ብዬ ነው። ደግሞ ሰው በስሕተት ነክቷት ጉዞው እንዳይጠፋ፣ ጫን ተደርጋ ካልተያዘች እንዳትሠራ አደረግኋት። በራሴ ኮርቼ ነበር።

ይህን ይዤ ደቅ ሄድሁ። የኔታ ታብሌት ላይ ጭኜ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠን «እስቲ ጉዞዎን ይቀጥሉ» አልኋቸው። ጣታቸውን አረሱ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ቀይዋ ሄደ።

እጄ ከጭኔ ሥር አልነበረም። «እሷን አይደለም የኔታ፣ ግራጫዋን!» አልሁ።

«እሺ» አሉና ግራጫዋን ነኩ። ጉዟቸው ተከፈተ፤ ተሳስቀን ተለያየን። ወረቀቴ ላይ «ያለ ስሕተት ተሳክቷል» ብዬ ጻፍሁ። ስመለስ መስፍን «አንድም አልተሳሳቱም?» አለኝ። «አንድም» አልሁት። ዋሸሁት። ጀልባው ሊነሣ ነበር፣ ፀሐዩ ከባድ ነበር፣ ገጹን እንደገና መሥራት ታክቶኝ ነበር፤ ሰበቤ ብዙ ነው። ውሸቱ ግን አንድ ነው።

ሁለት ሳምንት አለፈ። በግንቦት፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የኔታ ደወሉ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆኗል። «ልጄ፣ ታንኳዬ የለችም።»

«የት ሄደች?»

«እኔም አላውቅ። ደሴቶቹም የሉ። ሁሉም እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኗል። ትናንት ደጋ ወደብ ደርሼ አድሬ ነበር።»

ወዲያው ገባኝ። ከመስከረም ጀምሮ የሄዱት መንገድ፣ የተሳለሙት ደጅ ሁሉ፣ እዚያችው ታብሌት ላይ ብቻ ነበር፤ ደቅ ላይ ኢንተርኔት ስለሌለ ቅጂ የለውም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ስልኩን ዘግቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

ከዚያ መስፍን ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርሁት፤ ጣታቸው ወደ ቀይዋ መሄዱን፣ እኔ መናገሬን፣ ወረቀቱ ላይ መዋሸቴን። የሚጮህብኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን «ስሕተቱን አሳይተውሽ ነበር» አለኝ። «በነጻ። አንቺ አርመሽ መለስሽላቸው።» ቀጥሎም «ነገ ሂጂ። በስልክ አይሆንም» አለ።

ሄድሁ። የኔታ ደጃቸው ላይ በርጩማ አስቀምጠው ጠበቁኝ። ታብሌቱ በነጠላ ተጠቅልሎ ጉልበታቸው ላይ ነው። እንደማይመለስ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለምን ቀይዋን ነኩ የኔታ? ግራጫዋን ብዬዎት አልነበር?»

«በየቀኑማ ግራጫዋን ነበር የምነካ። ትናንት ግን የደጋው የእስጢፋኖስ ወርኃዊ ዕለት ነበር፤ ወደ ደጋ የምወጣበት ቀን ነው። ለዛሬስ የከበረችውን ልንካ ብዬ ነዋ።»

«የከበረችውን?»

አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ መጽሐፍ አይተሽ አታውቂም? ጥቁሩ ለሁሉ ነው። በቀይ የሚጻፈው የጌታ፣ የእመቤታችን፣ የቅዱሳኑ ስም ነው። አንቺ ጥፋትን በቀይ ጻፍሽው?»

«በከተማ ቀይ ማለት ‹ተው› ማለት ነው፣ የኔታ።»

«እኛ ዘንድ ‹ቅረብ› ማለት ነው።»

ተጭና ካልተያዘች እንደማትሠራ፣ ለጥንቃቄ ብዬ እንደዚያ እንዳደረግኋት ነገርኋቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በር ስንሳለም እንዴት ነው የምንሳለም? ነካ አድርገን እንሮጣለን? ጫን ብዬ ያዝኋት። ጸሎቴን እስክጨርስ ያዝኋት።»

እኔን! መሬቱ ቢውጠኝ በወደድሁ። የቀረችኝን አንዲት ነገር ደግሞ መናገር ነበረብኝ፦ «ያን ዕለት ጣትዎ ወደ ቀይዋ ሲሄድ አይቻለሁ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

«አይቼ ተናገርሁ። ዝም ብዬ ባይ ኖሮ ስሕተቴን አውቅና አስተካክለው ነበር። ጥፋቴ መናገሬ ነው።»

«ያልተቆጣሁ እንዳይመስልሽ» አሉ። «ተቆጥቻለሁ። እግሬን ሐኪም ወሰደብኝ፤ ይችን መንገድ ደግሞ አንቺ ወሰድሽብኝ። ዓይኔም እየፈዘዘ ነው። ሁለተኛ ለመሄድ ዕድሜው ይኖረኝ እንደሁ ማን ያውቃል?» ታብሌቱን ከነነጠላው ሰጡኝ። «ውሰጂው።» ጀልባው ላይ አቅፌው ተመለስሁ። ነጠላውን እንኳ ለመመለስ አልደፈርሁም።

ያን ክረምት እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም። ገጹን አፈረስሁት። የማጥፊያዋን ምልክት አውጥቼ ሩቅ ቦታ ወሰድኋት፤ በሥዕል መሆኗ ቀርቶ በጥቁር ፊደል፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆነች፦ «ይህን ጉዞ ለዘላለም አጥፋ።» ሰፊ ቦታ ትበላለች፤ ትብላ! ቀይን ከጨዋታው ሁሉ ለቅሜ አወጣሁና ለአንድ ነገር ብቻ ተውሁት፦ ለቤተ ክርስቲያኖቹና ለገዳማቱ ስም። ፊደሉንም አተለቅሁት፤ ዓይኑ የፈዘዘ ሰው እንዲያነበው፣ ኋላም የበለጠ እንዲተልቅ ሆኖ። ቤዛ «ስክሪኑ ተጨናነቀ» ብላ ስታኮርፍ እጇን ይዤ ሐይቁ ዳር አወረድኋትና ከፀሐይ ፊት አስነበብኋት። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችኝም። ጉዞም ከዚያ ወዲያ ቅጂው ለብቻው ይቀመጣል፤ ጽሑፉ ለዘላለም ቢልም፣ ማንም ቢያጠፋው አንድ ወር ይቆያል።

በጥቅምት ነጠላውን አጥቤ፣ ታብሌቱን ጠቅልዬ ደቅ ሄድሁ። የኔታ እንግዳ እንደሚቀበሉ ተቀበሉኝ፤ ስለ ሰብሉ፣ ስለ ክረምቱ ጠየቁኝ። ታብሌቱን አጠገባቸው አስቀመጥሁ። አልነኩትም። ምሳ በላን። አልነኩትም። ጀልባዬ ሊነሣ ሲል ነጠላውን ገለጥ አድርገው ብርሃኑን አዩት። እኔ ቶሎ ብዬ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁና እጆቼን ከጭኖቼ ሥር ከተትሁ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ።

«ሥራ ላይ ነኝ» አልኋቸው።

ጣታቸውን አረሱ። ገጹ ላይ ብዙ ተንከራተተ። አንዴ ወደ ማይሆን ቦታ ሲሄድ ምላሴን ነክሼ ልሞት ነበር፤ ራሳቸው መለሱት። ከዚያ ደንገል ማጨድ ጀመሩ። ታንኳ ሊያስሩ ነው፤ ከመጀመሪያው። የጀልባዬ ካፒቴን እየተጣራ፣ እኔ አልነሣም አልሁ። የኔታ ቀና ሳይሉ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ሂጂ አሁን» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሌላው ሥራዬ ሁሉ ይህን ይመስላል። ሌሎች ጨዋታዎች ሠራን፤ አንዱ ተሸጠልን፣ ሌላው ከሰረ። መስፍን ወደ አዲስ አበባ ተመለሰና ቦታውን እኔ ያዝሁ። ስንቱን ልጅ እጁን ከጭኑ ሥር አስከተትሁት! አንዷ «እትዬ ሙሉ፣ ይሄ እኮ እጅን ያደነዝዛል» አለችኝ። «ይደንዝዝ፣ ያኔ አይነካም» አልኋት። የኔታ ግን በየመሐሉ ይታመማሉ፤ ወራት ታብሌቱን ሳይነኩ ያልፋሉ። አንድ ጊዜ ዓመት ሙሉ አንድ ደሴት ላይ ቆዩ። ዓይናቸው ይፈዛል፣ ፊደሉን ያተልቃሉ፤ ይፈዛል፣ ያተልቃሉ። በደወሉ ቁጥር «የት ደረሱ?» ከማለት በቀር ሌላ አልጠይቃቸውም። የፈራሁት ሳይደርሱ እንዳይቀሩ ነበር፤ ለራሴም ስል ጭምር። በዚህ መሐል እኔም ስድሳ ሞላኝና ጋቢው ተደረበልኝ።

ከሽኝቱ ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ የቤቴን ወለል ጠርጌ ሳበቃ ስልኬ ጮኸ። የኔታ ናቸው።

«ልጄ፣ ደጋ ወደብ ላይ ነኝ።»

ቁጭ አልሁ። «ደህና ገቡ የኔታ?»

«ነፋሱ ደህና ነበር። ዓይኔ ግን ዛሬ ሌላውን አያይም። የማየው በቀይ የተጻፈውን ብቻ ነው። የቱን ልንካ?»

እኔ የሠራሁትን ገጽ እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ። ዳገቱ የት እንዳለ፣ ጣት ስንት ጊዜ እንደሚነካ፣ ሁሉንም። አፌ ተከፍቶ ነበር። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁትና ሁለቱን እጆቼን ከጭኖቼ ሥር ከተትሁ።

«ዝም አልሽ» አሉ።

ሳቅ ሲሉ ሰማኋቸው። «ይሁን። ሥራ ላይ ነሽ ማለት ነው።»

ብዙ ቆየ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። አንዳንዴ «እዚህ ይሆን?» ይላሉ፣ ለራሳቸው። በመጀመሪያ የነገሩኝን ትንፋሽ መሰብሰቢያ ቦታ ላይ ቆመው አረፉ፤ ጨዋታው አያስገድድም፣ እሳቸው ግን አረፉ። ከዚያ ድምፅ ጠፋ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አልሁ። ድንገት፣ ከስልኩ ውስጥ፣ ያ ድሮ ቢሮው ወለል ላይ የጣልሁት የራሴ ጫማ ተሰማኝ።

ጠብ። ጠብ።

«ደረስሁ» አሉ የኔታ።

እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። «እንኳን አደረሰዎ» አልሁ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። አንቺ ሴት ነሽ፣ ከወደቡ አታልፊም፤ ሥርዓት ነው። እዚያው ሆነሽ ጠብቂኝ። እኔ ገብቼ ስምሽን እጠራለሁ።»

«እሺ የኔታ።»

«ወደቡም ቢሆን ቅዱስ ቦታ ነው። ጫማሽን አውልቂ።»

አወለቅሁ።